ከመጋዘን ክምር የወደቀ ሰው «ቀኑ ደርሶ» አይደለም

በወልድያ፣ በመርሳ ወይም በሐብሩ ትንንሽ ከተሞች አንድ ሠራተኛ ከከፍታ ወድቆ ሲሞት በለቅሶው ድንኳን ሥር ሁለት ፍርድ ይሰጣል። «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚሉ አሉ። «እሱም ቢሆን አልተጠነቀቀም» የሚሉም አሉ። የፊተኞቹ ነገሩን ለፈጣሪ ይሰጣሉ፤ የኋለኞቹ ለሟቹ ያሸክሙታል። በሁለቱም ፍርድ ያሠራው ሰው ነፃ ይወጣል። ሟቹ ቆሞበት የነበረው ነገር ምን ነበር? በማን ትእዛዝ ወጣ? ጠርዙ ላይ የሚከላከለው አግዳሚ ነበረ ወይ? ይህን የሚጠይቅ ሳይገኝ አፈር ይለብሳል፤ ሰልስቱ ሳይደርስ ሌላ ሰው እዚያው ክምር ላይ ይወጣል።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ከጆንያ ክምር፣ ከፎርክሊፍት ሹካ ወይም ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ሠራተኛ የሚወድቀው ሥራው ሰው እንዲወድቅበት ሆኖ ስለተሰናዳ ነው። ያሰናዳው ሰው ስምና አድራሻ አለው። በእምነትም፣ በቁጥርም፣ በሕግም ብንመረምረው ተጠያቂው እሱ ነው።

ነገሩ ለዚህ አካባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። ወልድያ የመንገድ መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና ከወረታ ተነሥቶ በጋሸና በኩል የሚመጣው መንገድ እዚህ ይገጥመዋል። የሐብሩ ወረዳ መቀመጫ መርሳም በዚያው አውራ ጎዳና ላይ ናት። እህሉ፣ ማዳበሪያው፣ ሲሚንቶውና ቆርቆሮው በዚህ ያልፋል፤ ይራገፋል፣ ይከመራል፣ እንደገና ይጫናል። ድርቅ በገባ ቁጥር የእርዳታ ስንዴ ይጨመርበታል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ማሽላው የተሻለ ምርት እንዲሰጥ በሚደክምበት ወረዳ፣ ምርቱ ሲበዛ የሚከመረውም ይበዛል። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ደግሞ የተጎዳውን ለመጠገን መወጣጫ የቆመበት ግድግዳ ጥቂት አይደለም። ይህ ሁሉ የሚሠራው በዋናነት በሰው ጫንቃና በሰው እግር ነው።

መጋዘን ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። ጫኙ ጆንያውን ተሸክሞ በጣውላ ላይ ይወጣል፤ ክምሩ ከፍ ሲል ራሱ ጆንያው ደረጃ ይሆነዋል። አንዱ ረድፍ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 20 ረድፍ ሲሞላ 4 ሜትር ነው። የዛሬው ጆንያ አብዛኛው ከላስቲክ የተሠራ በመሆኑ አቧራ ሲያርፍበት እግር ያንሸራትታል። ረድፉ እርስ በርሱ ካልተቆላለፈ ጠርዙ ላይ ያለው ጆንያ ከነሰውየው ይወርዳል። ከ4 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት ለመድረስ አንድ ሴኮንድ አይፈጅበትም፤ ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በመርሳ አስፋልት ላይ በሚገሰግስ ባጃጅ ፍጥነት ሄዶ በጭንቅላት ሲሚንቶ መምታት ማለት ነው። ሸክሙ ከላዩ ካረፈበት ደግሞ ይብሳል።

ፎርክሊፍት ባለበት መጋዘን አደጋው መልኩን ይለውጣል። ማሽኑ በወልድያና በመርሳ ገና ብዙ አይታይም፤ ደረቅ ወደብና የኢንዱስትሪ ፓርክ ባላት ኮምቦልቻ ግን እንግዳ አይደለም። በ2007 ግንባታው የተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መሥመር መድረሻው ወልድያ አጠገብ ነው። ባቡሩ ጭነት ማመላለስ በጀመረ ጊዜ ማሽኑም ጭነቱን ተከትሎ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ መጥፎው ልማድ ከማሽኑ ቀድሞ እንዲታወቅ ያስፈልጋል።

ልማዱ በየአገሩ ተመሳሳይ ነው። ከላይ ያለ ዕቃ ለመቁጠር፣ አምፖል ለመቀየር ወይም የተነሣ ቆርቆሮ ለመምታት መሰላል መፈለግ ይታክታል። «ፓሌቱ ላይ ቁም፣ ላንሣህ» ይባላል። ፓሌቱ በሹካው ላይ ተቀምጧል እንጂ አልታሰረም፤ ዙሪያውም ክፍት ነው። ሹካው ከፍ ባለ ቁጥር የማሽኑ ሚዛን ይሳሳል፤ ጎማው ከታች ትንሽ ጠጠር ቢረግጥ ከላይ የቆመው ሰው ክፉኛ ይወዛወዛል። ሰውየው ዕቃውን ለመያዝ ወደ ጎን ሲንጠራራ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፓሌቱ ጠርዝ ይሄዳል፤ ፓሌቱ ይገለበጣል። ሹፌሩ የፊት ብረቱ ስለሚጋርደው ከላይ የሚሆነውን በደንብ አያይም። ማሽኑ የተሠራው ዕቃ ሊያነሣ ነው። ሰው የግድ የሚነሣበት ከሆነ ከሹካው ጋር የተቆለፈ፣ ዙሪያውን አግዳሚ ያለው፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የብረት ቅርጫት ያስፈልጋል፤ ሹፌሩም ሰውየው እስኪወርድ ከመቀመጫው አይነሣም። የብሪታንያ የሥራ ጤናና ደኅንነት ተቋም ይህን ቅርጫት እንኳ የሚፈቅደው አልፎ አልፎ ለሚያጋጥም ሥራ ብቻ ነው። በባዶ ፓሌት ወይም በሹካው ላይ ሰው ማንሣትን ጨርሶ ይከለክላል።

እንግዲህ «ቀኑ ደርሶ ነው» ወደሚለው ልምጣ። ይህን የሚሉት ሐዘንተኛ ለማጽናናት ነውና ከእምነታቸው ጋር ጠብ የለኝም። ነገር ግን እምነታቸው ራሱ የሚያስተምረው ሌላ ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። ምክንያቱንም ይነግረዋል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ትእዛዙ የወደቀውን ሰው አይወቅስም፤ ቀኑ ነበር ብሎም አያልፍም። የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው። በእስልምናም ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ የፈለገውን ሰው ነቢዩ አስቀድሞ እንዲያስረው፣ ከዚያ እንዲመካ እንደመከሩት ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲስ የታወቀ ነው። ወሎ ሁለቱን ትምህርቶች ጎን ለጎን ይዞ የኖረ አገር ነው። ለሰው ሕይወት መደረግ የነበረበትን ትቶ ሞቱን ለፈጣሪ መስጠት የፈጣሪን ስም ለመጋዘን ባለቤት ዋስ አድርጎ ማቆም ነው።

ቁጥሩም ይህንኑ ይመሰክራል። ብሪታንያ የሥራ ጤናና ደኅንነት ሕጓን ባወጣችበት በ1974 እ.ኤ.አ. 651 ተቀጣሪዎች በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ሞተዋል። ከ2023 እስከ 2024 ባለው የቆጠራ ዓመት ግን በግላቸው የሚሠሩት ጭምር ተደምረው 138 ሆነዋል። ማዕድን ቆፋሪውና የከባድ ኢንዱስትሪው ሠራተኛ ቁጥር ማነሱ ድርሻ አለው፤ ሕጉ፣ ተቆጣጣሪውና ክሱም ድርሻ አላቸው። ከ138ቱ 50ዎቹ የሞቱት ከከፍታ ወድቀው ነው። ቁጥጥሩ በበረታበት አገር እንኳ ከሌላው ምክንያት ሁሉ በልጦ ሰው የሚገድለው መውደቅ ከሆነ፣ ቁጥጥሩ በላላበት አገር ምን ያህል ሊገድል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የሞት ቀን በዕጣ ብቻ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ ፓርላማ ባወጣው ሕግ ባልተቀየረ ነበር።

ሁለተኛው ፍርድ «አልተጠነቀቀም» የሚለው ነው። ይህ ከፊተኛው ይከፋል፤ በሞተ ሰው ላይ የሚሰጥ ምስክርነት ነውና፤ ሟቹ ተነሥቶ አይመልስም። ጫኝና አውራጁ የሚከፈለው በኩንታል ነው። ብዙ ባነሣ ቁጥር ብዙ ያገኛል። ሹፌሩ መንገድ አለብኝ ብሎ ይጮሃል፤ ነጋዴው መኪናው ቶሎ እንዲለቀቅ ይፈልጋል፤ ቀስ የሚል ሰው ነገ አይጠራም። በሁዳዴ ወይም በረመዳን ጾሙን ውሎ የሚሸከም አለ። እንዲፈጥን ተከፍሎት የሠራን ሰው ሲወድቅ ለምን አልቀዘቀዝህም ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ሰው ይደክማል፣ ይርበዋል፣ ልጁ ታሞበት ሐሳብ ይይዘዋል። አንድ ሰው በሕይወት እንዲኖር በቀን ውስጥ አንድም ጊዜ እንዳይሳሳት የሚያስገድድ ሥራ፣ ጥፋቱ ከሥራው አደረጃጀት እንጂ ከሰውየው አይደለም።

«ሴፍቲ ቤልት ሰጥተናቸው አይለብሱም» የሚልም ይመጣል። ቤልት ሰው የሚይዘው ከሚችለው ነገር ጋር ሲታሰር ነው። በጆንያ ክምር አናት ላይ የት ይታሰር? በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ከራሱ ከሚነቃነቀው አጣና ጋር ይታሰር? ማሰሪያው ሳይዘጋጅ የተሰጠ ቤልት ወገብ ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ ነው። የሚሰጠውም ሠራተኛው እንዲድን ሳይሆን አደጋ ሲደርስ «ሰጥቼ ነበር» ለማለት እንዲመች ነው።

«ልምድ አለው፣ ሃያ ዓመት ወጥቶ ወርዷል» የሚለውም ክርክር አይረዳም። ልምድ እጅን ያፈጥናል፤ የመሬትን ስበት ግን አይቀንስም። ሃያ ዓመት ያልወደቀ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ለመውደቅ ተጋልጦ ኖሯል ማለት ነው። እንዲያውም ልምድ ያለው ሰው ነው ከፍ ወዳለው፣ ወደ አስቸጋሪው ጠርዝ የሚላከው። ካቦው አዲሱን ልጅ ከታች አቁሞ ጎበዙን ወደ ላይ ያወጣዋል። በዚህ ዓይነት ጉብዝና ራሱ ሰውየውን ወደ አደጋው የሚያስጠጋ ሆነ።

ከሁሉ የበለጠ ሰሚ ያለው ክርክር የድህነቱ ነው። «ይህ የሀብታም አገር ወግ ነው፤ እኛ እንጀራ ነው የቸገረን» ይባላል። መልሱን ከመጋዘኑ ወለል ላይ እናገኘዋለን። ስንዴው እርጥበት እንዳያበላሸው ከሥሩ ርብራብ ይነጠፍለታል። ሌባ እንዳይደፍረው ዘበኛ ይቀጠርለታል። ነቀዝ እንዳይበላው መድኃኒት ይገዛለታል። ለስንዴው ይህ ሁሉ ወጪ ሲወጣ ድህነት አልተጠቀሰም። ድህነት የሚነሣው ለሰውየው አግዳሚ ሲጠየቅ ነው።

ደግሞስ የሚጠየቀው ምንድን ነው? ክምሩን ዝቅ ማድረግ። ረድፎቹን እያቆላለፉ መደርደር፣ ጠርዙንም ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ውስጥ እያስገቡ መከመር። መሰላሉን ከላይ ማሰር። መወጣጫው ላይ ሰፊ ጣውላ አንጥፎ በወገብ ልክ አጣና ማጋደም፤ አጣናው ከዚያው ከተማ የሚገዛ ነው። ፎርክሊፍት ካለም ቁልፉን የሠለጠነ ሰው ብቻ እንዲይዘው ማድረግና በሹካ ሰው ማንሣትን መከልከል። ከእነዚህ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ የለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት አባቶቻችን ሀብታሞች ሆነው አይደለም። ድሃ ስለሆኑ፣ የተቃጠለውን መልሶ መሥራት እንደማይችሉ ስለሚያውቁ ነው። ወገቡ የተሰበረ ሰው ቤተሰቡ በሬውን ሸጦ ወደ ወልድያ፣ ካልሆነም ወደ ደሴ ሆስፒታል ሲያመላልሰው የሚወጣው ገንዘብ ከአግዳሚው ዋጋ ስንት እጥፍ ነው? ወጪው አልቀረም። ከባለመጋዘኑ ኪስ ወደ ድሃው ጓዳ ተዛወረ እንጂ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው «የእኔ ሠራተኛ አይደለም» የሚለው ነው። ጫኝና አውራጆች በማኅበር ስለሚደራጁ ባለመጋዘኑ «እኔ ማኅበሩን እንጂ ሰውየውን አላውቀውም» ይላል። ኮንትራክተሩ በበኩሉ «ግንበኛው ያመጣው የቀን ሠራተኛ ነው» ይላል። ግን ቤቱ የማን ነው? ክምሩ ምን ያህል ከፍ እንዲል የወሰነው ማነው? «ጨርሱና ውጡ» ያለውስ? ቦታውን የሚያዝበት ሰው ቦታው ላይ ለሚደርሰው አደጋ መልስ ይስጥ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሰው የጎዳ ሁሉ እንዲክስ ያዝዛል፤ ለዚህ የቅጥር ውል መኖሩን አይጠይቅም። በማኅበር ተደራጅቶ መሥራት ለሠራተኛው የመደራደሪያ ጉልበት እንዲሆነው እንጂ ለባለቤቱ መሸሸጊያ እንዲሆን አልታሰበም።

የቅጥር ውል ላለው ሠራተኛ ደግሞ ሕጉ ከዚህም ይጠነክራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የወጣውን የዓለም ሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነት በ1983 አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት የሚጠብቅ እርምጃ እንዲወስድ፣ ስለ አደጋው እንዲያሳውቀው፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ግዴታ ጥሎበታል። አንቀጽ 96 ደግሞ ክርክሩን ይዘጋዋል፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው።

አሠሪዎች የሚሸሸጉበት አንድ ቀዳዳ አለ። ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ከሆነ ኃላፊነቱ ይቀራል። ይህን ቀዳዳ እንደፈለጉ ሊያሰፉት ይሞክራሉ። ሕጉ ግን የሚለው በግልጽ የተሰጠ መመሪያ፣ አሠሪው በተለይ ያወጣው ደንብ ነው። ደንብ ያልወጣበት፣ መመሪያ ያልተነገረበት መጋዘን ምን ተጥሶብኝ ነው የሚለው? «ተጠንቀቁ» ብሎ ጮኾ መሄድ መመሪያ አይደለም። ዳኞቻችን ይህን መከራከሪያ ሲሰሙ የተጻፈውን ደንብ፣ የተሰጠውን ሥልጠናና ሠራተኛው የተረዳበትን ማስረጃ ይጠይቁ።

ሕጉ እንዲህ ሆኖ ሳለ ለምን አይሠራም? ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስለማይደርስ ነው። የሞተ ሰው ካለ ሽማግሌ ይላካል፤ ለቤተሰቡ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል፤ «የእግዜር ቁጣ ነው» ተብሎ ይታረቃል። በጡረታ ሕግ ላልተሸፈነ ሟች ጥገኞቹ የአምስት ዓመት ደመወዝ ያህል ካሳ እንዲያገኙ አዋጁ እንደሚያዝዝ የሚነግራቸው የለም። ቀብሩን ቅሬው (ዕድሩ) ይሸፍናል፤ ድንኳኑን ቅሬው ይተክላል፤ ንፍሮውን ጎረቤት ያመጣል። ልጆቹን አጎቶቻቸው ይከፋፈሏቸዋል። የወሎ ሰው ደግነት ታላቅ ሀብት ነው፤ ያለ እሱ ብዙ ቤት በፈረሰ ነበር። ነገር ግን ድሃው ከድሃው ላይ ሳንቲም አዋጥቶ የሚከፍለው ባለመጋዘኑ መክፈል የነበረበትን ዕዳ ነው። ሽምግልና ደም የሚያደርቅ የከበረ ሥርዓት ነው። ሽማግሌዎቻችን ግን ሲያስታርቁ አንድ ነገር ይጨምሩ፤ ካሳውን ከሕጉ ሳያሳንሱ፣ ባለቤቱ ሌላ ሰው ከዚያ እንዳይወድቅ ምን እንደሚያደርግ በፊታቸው ቃል ያስገቡት። ምክንያቱ ያልተነሣበት ዕርቅ የሚቀጥለውን ሬሳ ይጠብቃል።

የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎችም አሉ። አዋጁ በሥራ ሰዓት ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ የሥራ ቦታ ገብተው እንዲመረምሩ ሥልጣን ይሰጣቸዋል፤ አሠሪውም የደረሰውን አደጋ መዝግቦ እንዲያሳውቃቸው ያስገድዳል። አደጋ ሲመዘገብ የት፣ በምን ምክንያት፣ ስንት ጊዜ እንደደረሰ ይታወቃል። ሳይመዘገብ ሲቀር ግን እያንዳንዱ ሞት ብቻውን ይቆማል፤ ብቻውን የቆመ ሞት ደግሞ ዕጣ ይመስላል። የሰሜን ወሎ ዞንና የሐብሩ ወረዳ ኃላፊዎች ከዚህ ይጀምሩ። ንግድ ፈቃድ ሲታደስ የክምሩ ከፍታና የመሰላሉ ሁኔታ ይታይ። የእርዳታ እህል የሚያከማቹ ድርጅቶች የጫኞችን ደኅንነት በውላቸው ውስጥ ያስገቡ፤ የተራበን ለመመገብ የመጣ ስንዴ የአውራጁን ልጆች የሙት ልጅ ማድረግ የለበትም።

ለጫኝና አውራጅ ማኅበራትም ቃል አለኝ። ስለ ኩንታል ዋጋ ስትደራደሩ ስለ ክምሩ ከፍታም ተደራደሩ። አግዳሚ የሌለው ጠርዝ ላይ አንወጣም፣ በፎርክሊፍት ሹካ አንነሣም በሉ። አንድ ሰው ብቻውን እምቢ ቢል ይባረራል፤ ማኅበሩ እምቢ ሲል ግን ባለመጋዘኑ መሰላሉን ያመጣል። የወደቀ ጓደኛ ሲኖርም የቦታውን ፎቶ አንሡ፣ ያየ ሰው ስሙን ያስመዝግብ፣ ቤተሰቡን ይዛችሁ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮና ወደ ፍርድ ቤት ሂዱ።

የዓለም ሥራ ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ከሥራ ጋር በተያያዘ በሽታና አደጋ በየዓመቱ 2.93 ሚሊዮን ሰው ይሞታል፤ ከዚህ ውስጥ 330 ሺህ ያህሉ በአደጋ የሚሞቱ ናቸው። በወልድያ ወይም በመርሳ መጋዘን የሚወድቅ ሰው ከእነዚህ አንዱ ነው። የሞተበት ምክንያት ታውቋል፣ መከላከያውም ታውቋል፣ ኃላፊውም በሕግ ተጽፏል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በለቅሶ ቤት «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚል ሲመጣ አጠገቡ ያለ ሰው «አግዳሚ ነበረው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ባለመጋዘኑም ይስማ፦ ሰው የምታቆምበት ከፍታ ሁሉ አግዳሚ ይኑረው፤ አግዳሚ ልታደርግለት ካልቻልክ ሰው አታውጣበት።